በጋዜጣ መሃል የደረቀ ጭላሎ

የአሰላ ልጅ ነኝ ስል ሰው መጀመሪያ የሚያየው እግሬን ነው። አይፈረድበትም። ኃይሌ ከአሰላ፣ ደራርቱና ቀነኒሳ ከበቆጂ ወጥተው ዓለምን ካዳረሱ ወዲህ የአርሲ ልጅ የተባለ ሁሉ ሯጭ ይመስለዋል። እኔ አልሮጥኩም። እኔ ጎንበስ ከሚሉት ወገን ነኝ። ገና በልጅነቴ መንገድ ስሄድ ዓይኔ የሚያርፈው አጥር ሥር በበቀለ ነገር ላይ ነበር፤ እናቴ «ይሄ ልጅ ሳንቲም ጠፍቶበታል እንዴ?» እስክትል ድረስ። ይህን አመል ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ «ከአራት ኪሎ፣ ከሳይንስ ፋኩልቲ» እላለሁ። ለወግ ያህል ነው። አራት ኪሎ የደረስኩት ጎንበስ እንዳልኩ ነው።

የእናቴን እናት «አኮ» ነበር የምንላት፤ በአርሲ ኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ቤቷ ከአሰላ ወደ ጭላሎ ተራራ በኩል ወጣ ብሎ ነበር። ዛሬ ቦታው ከተማ ሆኗል፤ ያኔ ግን ባለጋሪው ግማሽ መንገድ አድርሶ «ከዚህ በኋላ በእግራችሁ» የሚልበት ዳገት ነው። ግቢዋ በሥርዓት የተተከለ አይመስልም፤ ሥርዓቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ጤና አዳም ከበሩ አጠገብ፣ ቡና ሲፈላ እጅ እንዲደርስበት። ዳማከሴ ከማጀቱ ጀርባ፣ ምች የመታው ልጅ ሲመጣ ቶሎ እንዲቀነጠስ። ወይራው ከከብቶቹ በረት አጠገብ፤ የወተቱ ዕቃ የሚታጠነው በእሱ ነው። ከአጥሩ ማዶ ወደ ወንዙ ሲወርዱ እንዶድ አለ። ሴቶቹ ፍሬውን ወቅጠው ነጠላና ጋቢ ያጥቡበታል፤ አረፋው ድንጋዩን እየዘለለ ሲወርድ እኛ ልጆቹ ከታች ሆነን በእንጨት እንበትነው ነበር።

ሁሉም ተክል ሁለት ስም ነበረው። አኮ ኤቢቻ የምትለውን አባቴ ግራዋ ይለዋል። የእሷ ባካኒሳ የእሱ ብሳና፣ የእሷ ኤጀርሳ የእሱ ወይራ፣ የእሷ ሂንዴሳ የእሱ ጥድ ነው። ይህ ለእኔ ምንም አላስገረመኝም። በአባቴ ወገን ሰው ሁሉ የቤትና የክርስትና ስም ስላለው ዛፍም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ሦስተኛ ስም እንዳለ፣ ያም ስም በዓለም ሁሉ አንድ እንደሆነ፣ ሰዎች አንድ ቃል ለማቃናት ዕድሜያቸውን እንደሚጨርሱበት ማን ነግሮኝ?

ከሁሉም የምትኮራበት ኮሶዋ ነበር፤ በእሷ አጠራር ሄጦ። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ኮሶ መጠጣት እንደ ፀጉር መቆረጥ ቀን የሚቆጠርለት ነገር ነው። በየጊዜው አንድ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ያን ቀን ከጠጣው ሰው ጋር ቁም ነገር አይወራም። አኮ ለሚጠይቃት ሁሉ ከዛፏ አበባ ትሰጥ ነበር። ከእሷ ግቢ በታች ሌላ ኮሶ አለ፤ አበባው ነጣ ያለ። አንድ ቀን «ከዚያኛው ለምን አንቆርጥም? ቅርንጫፉ ዝቅ ብሏል» ብዬ ጠየቅኋት። «እሱ ወንድ ነው» አለችኝ፣ የበሬና የላምን ልዩነት እንደምትነግር ሁሉ ሳትገረም። «የሚጠጣው ከሴቷ ነው። ቀይዋን አታይም?» ስድስት ወይም ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ መምህር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያየ ግንድ ላይ ስለሚያበቅሉ ዕፅዋት ጽፎ «ምሳሌ የሚሰጠኝ አለ?» ሲል እጄን ያነሳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አዋቂነት አልነበረም፤ የአኮ ዳገት ነው።

አባቴ ካዱ ነበር የሚሠራው፤ እህል መዛኝ። ካዱ ያልኩት ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ ከመንግሥት ጋር ያቋቋሙት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ነው። የአሰላ ሰው ይህን ሁሉ ስም ጠርቶ አይጨርስም፤ ካዱ ብሎ ያልፋል። ሰው ሲያስታውሰው የሚያነሳው ማዳበሪያውን፣ የወተት ላሞቹን፣ ከዚያም ትራክተር ሲመጣ ከመሬቱ የተነሳውን ጭሰኛ ነው። ይህ የመጨረሻው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ በአንድ አንቀጽ አይታለፍም፣ የትዝታዬም መንገድ ወደዚያ አይወስደኝም። የእኔ ካዱ ችካል ነው።

አባቴ አንድ ቅዳሜ ቁሉምሳ ይዞኝ ወረደ፣ ወደ ምርምር ጣቢያው። ከአሰላ ወደ አዳማ ሲሄዱ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሜዳ ነው። እርሻ ማለት ለእኔ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ አንድ ዓይነት ነገር የሚወዛወዝበት ነበር። እዚያ ግን ስንዴው እንደ ሽንኩርት በትንንሽ መደብ ተከፋፍሎ፣ በየመደቡ ራስ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ችካል ቆሟል። አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም፤ አንዱ ጺማም፣ ሌላው መላጣ፤ አንዱ ቅጠሉ ዋግ መትቶት ዝገት የነካው ይመስላል። ተክል ሰሌዳ አንገቱ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ተሰልፎ ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ነው። ማታ ለአኮ አወራኋት። «ስሙ ማነው ታዲያ?» አለችኝ። ቁጥር ነው አልኳት። «ስም የሌለውን እህል ማን ይበላዋል!» ብላ ሳቀች። ነገሩን እነሱም ሳይረዱት አልቀሩም መሰለኝ፤ በኋላ የወጡት ዝርያዎች ቁጥራቸውን ለወረቀት ትተው ገለማና ዲገሉ ተብለው በአርሲ ተራራና ቦታ ስም ወደ ገበሬው ሄደዋል። ዲገሉን ቆይቶ ዋግ ጨረሰው እንጂ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መጽሐፋችን በእንግሊዝኛ ነበር። አበባ ማለት ዳፎዲል፣ ዛፍ ማለት ኦክ፣ ፍሬ ማለት ፖም ነበር። የዳፎዲልን ሥር፣ ቅጠልና ጽጌ ሳልሳሳት በሥዕል እሠራ ነበር። ዳፎዲልን ግን እስካሁንም በዓይኔ አላየሁትም። መምህራችን ደግ ሰው ነበር፤ ለተግባር ትምህርት ከግቢው አጥር የሂቢስከስ አበባ ቀጥፎ አምጥቶ በምላጭ ሰንጥቆ ያሳየን ነበር። አርባ ልጅ አንዲት አበባ ላይ ተደፍቶ ማየት ካልቻለ፣ ከኋላ ያለው ሽታዋን ብቻ ይማራል። ሂቢስከስ ደግሞ ሽታ የላትም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጥር፣ አራት ሆነን ጭላሎን ወጣነው። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ አሰላ ራሷ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ግማሹን ተወልደን ጨርሰነዋል እያልን እንቀልድ ነበር። ቀልዱ ገብሱ ማሳ እስኪያልቅ ድረስ ነው የቆየው። ከገብሱ በላይ ከጥንቱ ጫካ የተረፉ ኮሶዎች እዚህም እዚያም ቆመዋል፤ ግንዳቸው በሽበት ተሸፍኗል። ከዚያ አስታ ይጀምራል። እዚያ የደረሰ ሰው አስታን ቁጥቋጦ ነው ቢሉት አያምንም፤ የሰው ቁመት አልፎ ሲሄድ ውስጡ ይጨልማል። ከዚያ ሲወጡ ድንገት ሰማዩ ይከፈታል። ሣሩ አጭር ነው፣ ነፋሱ ይቆርጣል፣ በረገጡት ቁጥር የጦስኝ ሽታ ከጫማ ሥር ይነሳል። ደጉ ነገር ጦስኙን ለሻይ ልንሰበስብ ስንጎነበስ መጣ፤ ቀና ስንል ጉሙ መሃል የቆሙ ነገሮች አየን።

ጅብራ ነበሩ። ስለ ጅብራ የሰማሁት የለም፤ ማንም አልነገረኝም። ከሰው የሚበልጥ ግንድ፣ በላዩ እንደ ጎመን የተደራረበ ሰፊ ቅጠል። አንዳንዱ ከመሃሉ ወደ ሰማይ የወጣ ረጅም ዘንግ አለው፣ ዘንጉ በሙሉ አበባ ነው። አንዱ ጓደኛችን ቅጠል ሲቆርጥ ነጭ ወተት ፈሰሰ። ቀምሶ ፊቱን አጨማደደና ለሌላው «ይጣፍጣል» ብሎ ሰጠው፤ የልጅ ነገር ነው። ቀድሞ የሞተውን አንዱን ስንመታው ግንዱ እንደ ከበሮ አስተጋባ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ አድጎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ያን ጊዜውኑ እንደሚሞት የተማርኩት በኋላ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ እንደማይበቅል የተማርኩትም እንዲሁ። ያን ቀን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመማሪያ ክፍሌ መስኮት በየቀኑ የማየው ተራራ አናት ላይ ይህ ሁሉ ሲቆም መጽሐፌ ስለ ዳፎዲል ያወራል።

አንድ ቅጠል ይዤ ወረድኩ። በጂኦግራፊ ደብተሬ መሃል አድርጌ፣ ላዩ ላይ የአባቴን የሚዛን ድንጋይ ጫንኩበት። በሳምንቱ ስከፍተው ሻግቶ፣ ወተቱ ገጹን አጣብቆ፣ የዓለም ታላላቅ ወንዞች በሙሉ በስብሰው ነበር። የመጀመሪያው የዕፅዋት ናሙናዬ ይህ ነው።

አራት ኪሎ የገባሁት በ1975 ዓ.ም. ነው። ያ ግቢ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ከፍተኛ ትምህርት በአገራችን የተጀመረበት ነው፤ ከካናዳ የመጡ የኢየሱሳውያን መምህራን ናቸው ያቋቋሙት። እ.ኤ.አ. በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጠና ዋናው ነገር ወደዚያ ወጣ፤ ሳይንሱ ግን አራት ኪሎ ቀረ። እኔ ስደርስ አብዮቱ ስሙን ቀይሮታል፣ ሕንፃውን ግን አልነካውም። ከአሰላ የመጣን ልጅ የሚያስደነግጠው ከተማው ይመስል ይሆናል። እኔን ያስደነገጠኝ ምግብ ቤቱ ነው፤ የዓመቱን ሽሮ እዚያ ጠግቤው ወጣሁ።

ዕፅዋትን ለብቻ መማር የጀመርነው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። የመጀመሪያው ተግባር ትምህርት ቀን አሁን ድረስ ፊቴ ላይ አለ። ጥቅምት ነው፤ አደይ አበባ ሊረግፍ ደርሶ የመጨረሻዎቹ ናቸው የቀሩት። መምህሩ በየጠረጴዛው አንድ አንድ አደይ፣ አንድ አንድ ምላጭ፣ አንድ አንድ አጉሊ መነጽር አስቀምጦ ሲያበቃ «ስንት አበባ ነው ያላችሁ?» አለ። ሁላችንም አንድ አልን። ይህ ጥያቄ ነው እንዴ? «ቁጠሩ» አለና ወጣ።

መነጽሩን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ የአደይዋ መሃል፣ ያ እኔ የአቧራ ክምር የሚመስለኝ ቢጫ ክብ፣ ተነሳብኝ። እያንዳንዷ ነጥብ አበባ ነበረች። የራሷ አምስት ትንንሽ ጥርስ፣ የራሷ ዱቄት፣ ሥሯ የራሷ ፍሬ። ዳር ዳሩን የከበቡትና እኛ ቅጠል የምንላቸውም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አበባ ናቸው፤ ነፍሳትን ለመጥራት የተዘረጉ ባንዲራዎች። ከሃያ በላይ ቆጥሬ ተምታታብኝ። የእንቁጣጣሽ ዕለት ልጃገረዶች በየቤቱ ይዘውት ሲዞሩ የኖሩት አንድ አበባ አይደለም፤ ሙሉ መንደር ነው። ከጎኔ የተቀመጠው የደሴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም፤ በኋላ በለሆሳስ «እናቴ ብታየው» አለ።

መምህሩ ሲመለስ ሌላ ጉድ ጨመረልን፤ አደይ አበባ ራሷ አንድ ዓይነት አይደለችም። በሳይንሱ ቢደንስ የሚባለው ወገን ናት፤ ትርጉሙ «ሁለት ጥርስ» ነው፣ የፍሬዋን ሁለት ሹል ጫፍ ዓይተው ያወጡት። የሰይጣን መርፌ የምንለው፣ ሱሪ ላይ የሚሰካው አረምም የሥጋ ዘመዷ ነው። በየአገሩ ሜዳውን ቢጫ የሚያደርጉት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው፤ ማክሮፕቴራ፣ ፓኪሎማ የሚባሉም አሉ። እኛ በምላጭ ስንተለትላቸው በነበረበት ዘመን ዶክተር መስፍን ታደሰ የእነዚህኑ የቢደንሶች ጥናት ስዊድን ኡፕሳላ ላይ ለዶክትሬት አብቅተው እ.ኤ.አ. በ1984 አሳትመውታል። አደይ አበባን ሊያጠና ስዊድን ሄደ ሲባል መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር። የዶክተር ሰብስቤ ደምሰው የኡፕሳላ ጥናት ደግሞ፣ በዓመቱ የወጣው፣ በአጣጥ ወገን ላይ ነው። አጣጥ! የአኮን አጥር ያጠረው፣ እጄን ስንቴ የቧጨረኝ እሾህ።

ዝርያን የምንለየው መለያ ቁልፍ በሚሉት ዘዴ ነው። ቅጠሉ ፊት ለፊት ነው ወይስ ተራ በተራ? ፊት ለፊት ከሆነ ወደ 7 ሂድ። ፀጉር አለው ወይስ ልሙጥ ነው? ልሙጥ ከሆነ ወደ 12። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ስሙ ያደርሳል፤ ወይም ገደል ይከታል። እኛ እንቆቅልሽ ነበር ያልነው። አንዱ ከቁልፉ እያነበበ «እንቆቅልህ» ሲል ተክሉን የያዘው «ምን አውቅልህ» ይላል። ስሙ ከጠፋ ያው አገር መስጠት ነው። እኔ አሰላን ስንት ጊዜ እንደሰጠሁ እግዜር ይወቀው፤ በተለይ በሣሮች።

ሄርባሪየሙን፣ የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻውን፣ ያወቅሁት በዚያው ዓመት ነው። ብሔራዊ ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሳይኖር የነበረ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ተክሉ በሁለት የእንጨት ርብራብ መሃል፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በጠፍር ታስሮ ይጨመቃል። ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየራል። ወፍራም ቅጠል ይሰነጠቃል፣ ግንድ ይሰነጠራል፤ የጅብራዬ ምሥጢር እዚህ ተገለጠልኝ። ሲደርቅ በወፍራም ወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ በታች በቀኝ ጥግ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥሩ ይጻፍበታል። ከዚያ በኋላ ያ ተክል አይሞትም። መቶ ዓመት ቆይቶ ቢመጣ «በዚህ ቀን እዚህ ቦታ ነበርኩ» ብሎ ይመሰክራል።

ክፍሉ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። ቁም ሣጥኖቹ ብረት ናቸው። ገና ወረቀት ላይ ያልተለጠፉትን እንድናስተካክል ሁለት ሦስት ተማሪዎች ተጠርተን ነበር። እያንዳንዱ ናሙና በተጨመቀበት ጋዜጣ መሃል ነው ያለው፤ አብዛኛው አዲስ ዘመን። ሥራው ተረሳና ጋዜጣ ማንበብ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤት ሲመርቁ፣ የሲኒማ ቤት ማስታወቂያ፣ የጠፋ በቅሎ ያገኘ ይመልስልኝ የሚል፤ መሃሉ ላይ ጠፍጣፋ የሆነ ተክል። እንዲህ እየገለበጥኩ ሳለ አንዱን ጋዜጣ ከፈትኩ። ሰፊ ቅጠል ነው፤ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ ጫፉ ተጣጥፎ፣ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። በታይፕ የተመታችው ብጣሽ ላይ «ጭላሎ ተራራ፣ አሰላ አካባቢ» ይላል። ቀኑን አየሁት፤ እኔ ገና ዳዴ በምልበት ዘመን ነው። እኔ አኮ ግቢ ጭቃ ስበላ አንድ ሰው እላዬ ላይ ተራራውን ወጥቶ ይህን ቅጠል ቆርጦ ወርዷል።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ ቤቴ ናፍቆኝ ያላለቀስኩ ልጅ፣ በደረቀ ጎመን ፊት ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። ናፍታሊኑ ነው ብዬ አሳበብኩ።

እነዚያ ቁም ሣጥኖች ያን ጊዜ አዲስ ሥራ ተሸክመው ነበር። የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት፣ የአገሪቱን ዕፅዋት በሙሉ አንድ በአንድ በመጽሐፍ የመመዝገብ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሯል። በአዲስ አበባ በኩል ሲመሩት የነበሩት፣ የሄርባሪየሙም ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው፤ በኋላ በዓለም አቀፍ የሥነ ሕይወት ደኅንነት ድርድር ላይ አፍሪካን ወክለው በመሟገት ዓለም ያወቃቸው። ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እንግሊዝ ተወልደው እዚህ ዕፅዋት ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው፤ ስለ ኢትዮጵያ የዱር አበቦች እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት መጽሐፍ ዳፎዲል የሌለበት የመጀመሪያው የአበባ መጽሐፌ ነበር። ሌላኛው ጫፍ ኡፕሳላ ነው፤ እዚያ ፕሮፌሰር ኢንጋ ሄድበርግ ነበሩ። ስዊድኖችን በላምና በስንዴ ብቻ ለማውቅ የአሰላ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለዕፅዋት ሁሉ ሁለት ሁለት ስም ማውጣትን ሥርዓት ያደረገው ሊኔየስ ያስተማረው እዚያው ኡፕሳላ ነው። የዩኒቨርሲቲው አትክልት ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1655 የተተከለ ነው፤ የጣሊያኑ የፓዱዋ ደግሞ በ1545፣ የሕክምና ተማሪዎች መድኃኒቱን ከመርዙ እንዲለዩበት።

አሮጌዎቹ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች አስቀድመው የተከሉት እርጥቡን ነው፤ ደረቁ በኋላ ነው የበዛው። የእኛው ዩኒቨርሲቲ ግን ደረቁን አስቀደመ፤ ሊጎበኝ የሚችል የዕፅዋት ቦታ እስኪኖረው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ድህነት ነው የሚል አለ። እኔ ሌላ ነገር ይመስለኛል። ከአራት ኪሎ መስኮት እንጦጦ ይታያል፤ ፊልድ ወጣን ስንል አውቶቡስ ተሳፍረን መናገሻ ወይም ወንዶ ገነት ነው። አትክልቱ እዚያው ውጭ ቆሞ ነበር። ያላሰብነው ነገር ቢኖር ቆሞ እንደማይጠብቀን ነው። ከዚህ ሁሉ ደግሞ ፓዱዋን ስሰማ ትዝ ያለኝ የአኮ ግቢ ነው፤ ዳማከሴው ከማጀቱ ጀርባ፣ መድኃኒቱ ከመርዙ ተለይቶ።

ስለ እንዶድ የሰማሁትም ከመማሪያ ክፍል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቆመው፣ ከሴቶቹ በታች ያለው ውኃ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩ ሳይንስ ሆነ፣ ዓለም ሰማው። መምህሩ ይህን ሲያወራ እኔ ወንዝ ወርጄ ነበር። ያንን አረፋ በእንጨት ስበትን ስንት ዓመት ኖሬ፣ ከአረፋው በታች ምን እንደሞተ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ጎንበስ ከሚሉት ወገን ነኝ ስል ይህን ደብቄ ነው።

ተመርቄ አርሲ ተመደብኩ፣ ባዮሎጂ መምህር። ቦርሳዬ ውስጥ የማይለየኝ የወልደ ሚካኤል ከለቻ የዕፅዋት ስም መዝገብ ነበር፤ አራተኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው፣ በየቋንቋው ያለውን የአገር ስም ከሳይንሱ ስም ጋር የሚያገናኘው። ፍሎራው ከመጀመሪያው ጥራዝ ሳይሆን ከሦስተኛው ጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ1989። የተዘጋጀው ይቅደም ተብሎ ነው። ኮሶ በዚያ ውስጥ አለ። አደይ አበባ ግን ዶክተር መስፍን የጻፉት የአስቴራሴ ጥራዝ እስኪወጣ እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ጠበቀች። የመጨረሻዎቹ ጥራዞች እ.ኤ.አ. በ2009 ወጡ። ወደ 6,000 የሚጠጋ ዝርያ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ የቀረው ሥራ፤ መሃሉ ላይ መንግሥት ተለውጧል፣ ኤርትራ ተለይታ የመጽሐፉ ርዕስም ከእሷ ጋር ሁለት ሆኗል። ጽሑፉ ግን አልተቋረጠም።

ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን ያየሁት ጡረታ ስቀርብ ነው። ከተማውና ዩኒቨርሲቲው በጋራ የያዙት፣ 705 ሄክታር የሆነ የእንጦጦ ጎን ነው፤ በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ እየተነሳ ጥዱና ወይራው የሚመለስበት። አየሩ የአሰላ ነው። አንድ ወጣት ኮሶ ፊት ቆሜ ሰሌዳዋን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አስጎብኚዋ ልጅ ዞር ብላ «አባባ፣ ምን አዩ?» አለችኝ።

ያየሁት አኮን ነው። ሁለተኛ ዓመት፣ የሴሚስተር ዕረፍት። ሄርባሪየም ውስጥ «የአገር ስም» የሚለው መስመር ባዶውን የቀረባቸው ከአርሲ የመጡ ናሙናዎች ዓይቼ «የዚህን ስም አያቴ ታውቀዋለች» ብዬ አፌን ስከፍት፣ «እንግዲያው ከነተክሉ አምጣው» ተብዬ ነበር። ርብራብ ተውሼ፣ የአሮጌ አዲስ ዘመን ጥቅል ተሸክሜ አሰላ ገባሁ። አኮ ከበሩ ላይ ተቀምጣ ቅጠሏን በጋዜጣ ስጠቀልል ስታየኝ ሰነበተች። ስሙን ትነግረኛለች፣ እጽፋለሁ። ላም የሚበላውን፣ ፍየል የማይነካውን፣ ሙሽራ የምትታጠንበትን ትነግረኛለች፣ እጽፋለሁ። ኮሶው ላይ ስንደርስ እሷ ጠያቂ ሆነች።

«ሄጦን እናንተ ዘንድ ማን ይሉታል?»

«ሀጌኒያ አቢሲኒካ።»

ደጋግማ ሞከረችው፤ ሀጌኒያ ላይ ቆመች። «ሀጌኒያ ምንድን ነው?»

የተማርኩትን አወራኋት። ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት መጥቶ ዛፉን እንደሳለው፤ ባንክስ ለሚባል ሰው ክብር ባንክሲያ ብሎ እንደሰየመው፤ ያ ስም ግን ቀድሞ ለሌላ አገር ተክል ተሰጥቶ ስለነበር እንዳልጸናለት። በኋላ ሌላ ሰው ተነስቶ በሀገን ስም እንደጠራው።

«ሀገን ማነው? ጎሳው ማን ይባላል?»

«ጀርመን ነው። ኮኒግስበርግ በሚባል ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ነበር።»

መድኃኒት ቀማሚ የሚለው ደስ አላት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ነጠላዋን አስተካከለች። «እሱስ ጥሩ» አለች። «ሄጦ ጠጥቶ ያውቃል?»

«አይመስለኝም፣ አኮ።»

«አንድ ጊዜም?»

«አገራችንን አላየም።»

ዝም ብላ ዛፏን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ በጠፍር የታሰረውን ጋዜጣ። አበባው ያን ሰሞን ቀይ ሆኖ እንደ ዘለላ ተንጠልጥሏል።

«ተነስ በል» አለችኝ፤ «ለእሱም አንድ ቁረጥለት። ከሴቷ።»

ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ።